በዜማው መካከል የገባ ማስታወቂያ

ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። በጎጃምም ሆነ በሸዋ ድጓ የተማረ ሰው በመምህርነት ወንበር ለመትከል ሲያስብ ወደዚያ ወርዶ የያዘውን ከነምልክቱ ያቃናል። ከቆማ፣ ከአጫብርና ከተጉለት ስልቶች ጎን የቤተ ልሔም ዜማ ስሙ የሚጠራው ከዚህ የተነሣ ነው። ያ ዜማ ዛሬ በስልክም ይሰማል። ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ያለ ወጣት ዩቲዩብ ላይ ገብቶ ቢፈልግ የድጓ መምህራንን ድምፅ ያገኛል፤ ዋሽንግተን የምትኖር እናትም እንዲሁ።

መምህሩ ዜማውን አንሥተው ጥቂት እንደሄዱ ድምፁ ቁርጥ ይላል። በቪዲዮው ሥር የነበረው ቀይ መስመር ጠፍቶ ቢጫ መስመር ይተካል፤ የስልክ ጨዋታ የሚያስተዋውቅ ጩኸት ክፍሉን ይሞላዋል። በማያ ገጹ ጥግ ሰከንዶች ይቆጠራሉ፤ አምስቱ ሲያልቁ የመዝለያው ቁልፍ ይመጣል። አድማጩ ነካ ያደርገዋል፤ ዜማውም ከተቆረጠበት ይቀጥላል። ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ሌላ ማስታወቂያ ይከተላል።

ብዙ ሰው ለዚህ መፍትሔ አግኝቷል። አድብሎከር የሚባለውን ማስታወቂያ ማገጃ ኮምፒውተሩ ላይ ይጭናል፤ ወይም ማገጃው አብሮት የተሠራ እንደ ብሬቭ ያለ ማሰሻ በስልኩ ይጠቀማል። ማስታወቂያው ድርሽ አይልም። ነገር ግን ጥያቄ አለ፤ ቪዲዮውን በነጻ ያቀረበው ሰው የሚኖረው በማስታወቂያው ከሆነ፣ ማስታወቂያውን ማገድ የሰውን ድካም በነጻ መብላት አይደለም ወይ? ለዚህ ጥያቄ ተገቢው መልስ የሚገኘው ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጥቶ ማን ኪስ እንደሚገባ ሲታወቅ ብቻ ነው። አብዛኛው አድማጭና አንባቢ ይህን የሚያውቅበት መንገድ አለማግኘቱ የነገሩ ሁሉ ሥር ነው።

ዩቲዩብ በረጃጅም ቪዲዮዎች ላይ ከሚያገኘው የማስታወቂያ ገቢ 55 ከመቶውን ለቻናሉ ባለቤት ያካፍላል፤ ቀሪውን 45 ከመቶ ለራሱ ያስቀራል። ከማስታወቂያው ለመካፈል ግን ቢያንስ 1,000 ተከታይ፣ ለረጃጅም ቪዲዮዎችም በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ሥራ ያስፈልጋል። የሚኖሩበት አገርም በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ መገኘት አለበት። ኢትዮጵያ ለዓመታት በዚያ ዝርዝር አልነበረችም። ስለዚህ በርካታ የአማርኛ ቻናሎች ውጭ አገር ባለ ዘመድ ወይም ሸሪክ ስም ተመዝግበው ሲሠሩ ኖረዋል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ዩቲዩብ የአገልግሎት ደንቡን አሻሽሎ፣ ከገቢው ተካፋይ ባልሆኑ ቻናሎች ላይም ማስታወቂያ የማሳየት መብት ለራሱ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ አንድ ትንሽ ቻናል ላይ ማስታወቂያ መታየቱ ባለቤቱ እየተከፈለው ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ገንዘቡ በሙሉ ለኩባንያው ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ ቻናሉን የከፈተው ሰውና ድምፁ የተቀረጸው መምህር ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። አንድ ተማሪ ወይም አንድ ምእመን በስልኩ ቀርጾ ይጭናል፤ ሌላው ከእሱ ወስዶ በራሱ ስም ያወጣል። እንዲህ ባለ ቪዲዮ ላይ የመጣውን ማስታወቂያ ያገደ አድማጭ ከየኔታ የወሰደው አንድም ሳንቲም የለም፤ መጀመሪያውኑም ወደ እሳቸው የሚሄድ ገንዘብ አልነበረምና።

የአድማጩ ኪስም መታየት አለበት። ማስታወቂያው የሚወርደው አድማጩ ከገዛው ጥቅል ላይ ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2015 የ50 የዜና ድረ ገጾችን የስልክ ገጽ መርምሮ፣ ከሚወርደው ዳታ ከግማሽ በላዩ የማስታወቂያ መሆኑን አስነብቦ ነበር። ያ ጥናት የተሠራው አሜሪካ ነው። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 ከመቶ ቀንሷል፤ ሳፋሪኮምም ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተወዳዳሪ ሆኖ ገብቷል። እንደዚያም ሆኖ የቀን ጥቅል ገዝቶ የሚጠቀም ተማሪ አንዷን ሜጋባይት ቆጥሮ ነው የሚያወጣው። በአማራ ክልል ደግሞ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ የጋይንትና የስማዳ ሰው ኢንተርኔት ሲገኝ ምን ያህል እንደሚከበር በደንብ ያውቃል። ይህ ሰው ያላዘዘውን ቪዲዮ በራሱ ገንዘብ አላወርድም ቢል የሚወቀስበት ምክንያት አይታይም።

የማገጃው ታሪክም የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያዎቹ የድረ ገጽ ማስታወቂያዎች እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1994 ሆትዋይርድ የተባለው ድረ ገጽ ላይ ሲወጡ ማንንም አላስቆጡም፤ በአንድ ጥግ የተቀመጡ ሥዕሎች ነበሩ። ነገሩ የከፋው ሳይጠሩት በራሱ መስኮት የሚከፈተው ማስታወቂያ ሲመጣ ነው። የዚህን ዓይነቱን መስኮት ኮድ ከጻፉት አንዱ የሆነው ኢታን ዙከርማን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ዘ አትላንቲክ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ሕዝብን ይቅርታ ጠይቋል። የይቅርታው ፍሬ ነገር መስኮቱ ብቻ አልነበረም። ኢንተርኔትን በማስታወቂያ ለማኖር መወሰኑ ድርጅቶችን ተጠቃሚውን ወደ መከታተል ገፍቷቸዋል የሚል ነው።

ሄንሪክ ሶረንሰን የተባለ የዴንማርክ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 የመጀመሪያውን አድብሎክ ጻፈ። ቭላዲሚር ፓላንት እ.ኤ.አ. በ2006 አድብሎክ ፕላስን አወጣ፤ በኋላም ሥራው አይዮ በሚባል የጀርመን ኩባንያ ሥር ገባ። እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። አይዮ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ «ተቀባይነት ያላቸው ማስታወቂያዎች» የሚል ዝርዝር አዘጋጀ፤ የማይጮኹ፣ ገጹን የማይሸፍኑ ማስታወቂያዎች በማገጃው ውስጥ እንዲያልፉ ፈቀደ። ከትልልቆቹ የማስታወቂያ አስነጋሪዎች ግን ለማለፊያው ገንዘብ ይቀበላል። የጀርመኑ አሳታሚ አክሰል ሽፕሪንገር ከስሶት እስከ ፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ላይ የማገጃው ሥራ ሕገ ወጥ ውድድር አይደለም ሲል ፈረደ። ሕጉ ፈቅዷል፤ ሆኖም አንባቢን ከማስታወቂያ እጠብቃለሁ ብሎ ከማስታወቂያ ባለቤት ገንዘብ መቀበል፣ ተጠቃሚው በግልጽ እስካላወቀው ድረስ፣ የሚያስነቅፍ ሥራ ነው። በተቃራኒው ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለውን ማገጃ የሚሠራው ሬይመንድ ሂል መዋጮ እንኳ አልቀበልም ብሎ እስከ ዛሬ በነጻ ያቀርባል።

ሌላም ሰው አለ። ማርኮ አርመንት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. መስከረም 2015 ለአይፎን ማገጃ ሠርቶ ሸጠ። በአፕል መደብር ከሚሸጡት ሁሉ ቀዳሚውን ቦታ ያዘ። በሁለት ቀን ውስጥ ግን ራሱ አነሣው። ማገጃው ጥሩውንም መጥፎውንም ማስታወቂያ አንድ ላይ ስለሚያጠፋ፣ የማይገባቸውን ሰዎች ጎድቻለሁ ብሎ ነበር ምክንያቱን የገለጸው። ከገበያው አናት ላይ ሆኖ እንዲህ ያለ ውሳኔ መወሰን ቀላል አይደለም፤ የጥያቄውን ሁለት ገጽ በአንድ ሰው ውስጥ ያሳያል።

ደኅንነትም የራሱ ክርክር አለው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 የታላላቅ ዜና ድረ ገጾች የማስታወቂያ ቦታ በወንጀለኞች ተሰርጎ በአንባቢዎች ኮምፒውተር ላይ ጎጂ ሶፍትዌር ተሰራጭቶ ነበር። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የታወቁ ድርጅቶችን መስለው በፍለጋ ውጤት ላይ ከሚወጡ የሐሰት ማስታወቂያዎች ለመጠበቅ ሕዝቡ ማገጃ እንዲጠቀም መክሯል። የፖሊስ መሥሪያ ቤት የመከረውን ሥራ ሌብነት ብሎ መጥራት ያስቸግራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ከማስታወቂያ የሚሸሸው ሰው ሌላ አደጋ ላይ ይወድቃል። ቪዲዮ ከኢንተርኔት አውርዶ ያለ ማስታወቂያና ያለ ተጨማሪ ዳታ ደጋግሞ ለማየት ቪድሜት የሚባለውን መተግበሪያ የሚጠቀም ወጣት ጥቂት አይደለም። መተግበሪያው ከጉግል መደብር ውጭ በሰው በሰው የሚተላለፍ ነው። አፕስትሪም የተባለ የደኅንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ፣ ቪድሜት ተጠቃሚው ሳያውቅ ከጀርባ ማስታወቂያ እየከፈተና እየነካ ዳታ ይበላል፣ ሳይጠይቅም ተጠቃሚውን በሚከፈልባቸው አገልግሎቶች ላይ ይመዘግባል ሲል ከሷል። በ15 አገሮች ከ4.8 ሚሊዮን ስልኮች የመጡ ከ128 ሚሊዮን በላይ አጠራጣሪ ጥያቄዎችን ማገዱንም ገልጿል። ማስታወቂያን ሸሽቶ የማይታይ ማስታወቂያ ውስጥ መግባት ማለት ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ለአድማጩ የሚያደላ ነው። የሌላው ወገን ክርክር ግን ቀላል አይደለም፤ አገራችንም በራሷ ታሪክ ታውቀዋለች። አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብ የቆየ ልማድ ነው። አንባቢው፣ ብዙ ጊዜም ሥራ ፈላጊ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በጥቂት ሳንቲም አገላብጦ ይመልሳል፤ አንዱን ቅጂ በቀን ብዙ ሰው ያነበዋል። አሳታሚው ያገኘው ግን የአንድ ቅጂ ዋጋ ብቻ ነው። ሥራ ፈላጊው ምንም አላጠፋም፤ የሚሻውም ራሱ የሥራ ማስታወቂያውን ነው። ይሁን እንጂ ለወረቀት፣ ለማተሚያ ቤትና ለጋዜጠኛ ደመወዝ የሚከፍለው አካል በዚያ መንገድ ሊቆም እንደማይችል ግልጽ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣም የታየው ይኸው ነው። አዋጁ ለጤና የሚበጅ ነበር። ነገር ግን የስፖርትና የመዝናኛ ዝግጅቶች ከቢራ ፋብሪካ በሚያገኙት ስፖንሰር ይኖሩ ስለነበር ጣቢያዎች ከባድ የገቢ ጉዳት ደረሰባቸው። ማስታወቂያ ሲቆም ወጪው አይቆምም።

ቤተ ልሔም የምትጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የድጓ ተማሪ ለመምህሩ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ የሚከላከልበትን በትር ይዞ በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል፤ የጋይንት ገበሬም ከሌማቱ ይሰጠዋል። ተማሪው ለየኔታ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ ደብሩም መምህሩን ይደግፋል። ለዘመናት ድጓን ያኖረው ይህ ነው። ትምህርቱ በነጻ የሚሰጥ ቢሆንም ማን እንደሚሸከመው ሁሉም ያውቅ ነበር። እንጀራ የሰጠች እናት ለምን እንደሰጠች ታውቃለች፤ የበላው ተማሪም ከማን እንደበላ ያውቃል። በኢንተርኔቱ ነጻ አገልግሎት የጠፋው ይህ ዕውቀት ነው። ሰጪው የማይታይ፣ ተቀባዩ የማይታወቅ፣ መሐል ላይ ያለው ኩባንያ ብቻ ሁሉን የሚያይ ሆኗል።

ማስታወቂያ ሲታገድ የይዘት ባለቤቶች ሌላ መንገድ ፈለጉ፤ ኮሚሽን ያለው ሊንክ። አማዞን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1996 ጀምሮ የሚሠራበት የቆየ አሠራር ነው። አንድ ሰው ስለ መጽሐፍ ወይም ስለ ስልክ ይጽፋል፣ ሥሩ ላይ ሊንክ ያኖራል፤ አንባቢው በዚያ ገብቶ ከገዛ ጸሐፊው ድርሻ ያገኛል። ገዢው የሚከፍለው ዋጋ አይጨምርም። ሊንኩን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ይለየዋል፤ ከዕቃው ስምና ቁጥር በኋላ የጥያቄ ምልክት ይመጣል፣ ከዚያ «ታግ» የሚል ቃልና የእኩልነት ምልክት፣ በመጨረሻም የተካፋዩ መለያ ስም። ያ ጅራት ቢቆረጥ ሊንኩ እዚያው ዕቃ ላይ ያደርሳል፤ የሚጠፋው የአገናኙ ድርሻ ብቻ ነው።

ሊንኩ በራሱ ነውር የለበትም። ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2016 በ30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው ዋየርከተር ዕቃዎችን ፈትሾ የሚመክር፣ ገቢውን ከሊንክ ኮሚሽን የሚያገኝና ይህንንም ለአንባቢው የሚገልጽ ድረ ገጽ ነው። ክፋቱ የሚጀምረው ጥቅሙ ሲደበቅ ነው። ጸሐፊው «ምርጡ ይህ ነው» ሲል ከምርጡ የሚያገኘው ኮሚሽን ከሁሉም የበለጠ እንደሆነ አንባቢው ካላወቀ፣ ምክሩ ምክር መሆኑ ቀርቷል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በኢንተርኔት የሚያስተዋውቅ ሰው ከሻጩ ጋር ያለውን የጥቅም ግንኙነት በግልጽ እንዲናገር መመሪያ አውጥቷል።

ሊንኩም ይሰረቃል። ለኢቤይ ኮሚሽን ይሠሩ የነበሩ ሁለት ትልልቅ ተካፋዮች፣ ሊንክ ባልነኩ ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ምልክታቸውን በስውር እያኖሩ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2014 እስራት ተፈርዶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ሜጋላግ በሚል ስም የሚታወቅ ዩቲዩበር፣ ፔይፓል በ4 ቢሊዮን ዶላር በገዛው ሃኒ በተባለ የቅናሽ ኩፖን ፈላጊ ላይ ከባድ ክስ አቀረበ። ገዢው በአንድ ዩቲዩበር ሊንክ ገብቶ ሊከፍል ሲል ሃኒ ብቅ ይላል፤ ገዢው ከነካው የዩቲዩበሩ መለያ ተነሥቶ የሃኒ ይተካል፤ ኮሚሽኑም ወደ ሃኒ ይሄዳል የሚል ነው። ፔይፓል የመጨረሻው የተነካ ሊንክ ኮሚሽኑን ይወስዳል የሚለውን የዘርፉን ደንብ ተከትያለሁ ሲል መልሷል። ጉግልም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ለተጠቃሚው ጥቅም ሳይሰጡ የሊንክ መለያ የሚያስገቡ የማሰሻ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን የሚከለክል ደንብ አወጣ። ሃኒን ሲያስተዋውቁ ከነበሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ከሊንክ የሚኖሩ ዩቲዩበሮች ነበሩ።

ለኢትዮጵያዊ ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። ደላላ ቤት ወይም መኪና ሲያገናኝ ኮሚሽን እንደሚወስድ ሻጭም ገዢም ያውቃል፤ ደላላነቱን ሰውሮ ወዳጅ መስሎ የቀረበ ግን እንደ አታላይ ይታያል። በ2016 ዓ.ም. የቴሌግራም ሳንቲም ጨዋታዎች፣ እነ ኖትኮይንና ሐምስተር ኮምባት፣ አገሩን ሲያጥለቀልቁ የሆነው ይህ ነው። ልጅ ለእናቱ፣ ሠራተኛ ለባልደረባው የሚልከው ሊንክ ለላኪው ነጥብ የሚያስገኝ የግብዣ ሊንክ ነበር፤ ብዙው ሰው ግን ይህን ሳይናገር ነበር የሚልከው። ዛሬ ደግሞ ስለ አፓርታማ፣ ስለ ክሊኒክ፣ ስለ ውርርድ ድርጅት በቲክቶክና በዩቲዩብ የሚያወራ ታዋቂ ሰው ተከፍሎት ይሁን ወይም ወዶት ተመልካቹ መለየት አይችልም።

ሕግ ግን አለ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዝዛል፤ የኢንተርኔት ድረ ገጽንም ከማስታወቂያ ማሰራጫዎች ይቆጥራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ ሰብስቦ የመጠቀምን ሥራ በሕግ ሥር አስገብቷል። የማስታወቂያው አዋጅ የወጣው ቲክቶክ ከመፈጠሩ በፊት ነው። በአንድ ሰው ስልክ ተቀርጾ በመቶ ሺሕ ሰው የሚታይ የተከፈለበት ምስክርነት እንዴት መታወጅ እንዳለበት በማያሻማ ቋንቋ የሚናገር መመሪያ ያስፈልጋል። ይህ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ሥራ ነው፤ መዘግየትም የለበትም።

ማገጃ የሚጠቀመውን ሰው በተመለከተ፣ ጥቅሉን የሚበላውን፣ የሚከታተለውንና ዜማና ጸሎት የሚቆርጠውን ማስታወቂያ ማገድ መብቱ ነው። መብቱ ግን ከዕዳ አያወጣውም። በየሳምንቱ የሚሰማው መምህር፣ የሚያነበው ጸሐፊ ካለ በቴሌብር ወይም በባንክ ሒሳብ የሚችለውን ይላክለት፤ የውጭ ካርድ አያስፈልገውም፣ መሐል ላይ 45 ከመቶ የሚወስድም የለም። ያን ማድረግ ካልቻለ ማገጃውን ለሚያከብረው ገጽ ብቻ ያጥፋለት፤ አብዛኞቹ ማገጃዎች ይህን ለማድረግ ያስችላሉ።

ቻናል ያላቸው ሰዎችም ሦስት መስመር ብቻ ይጻፉ፤ ይህ ቪዲዮ ተከፍሎበት እንደሆነ፣ ሊንኩ ኮሚሽን እንዳለውና ከገቢው ለባለ ድምፁ ምን እንደሚደርሰው። ቦታው የቪዲዮው መግለጫ የመጀመሪያ መስመር ነው፤ «ተጨማሪ» የሚለውን ካልነኩ ከማይታየው ታችኛው ክፍል አይሁን።